አመድ ብዬ የተረጎምኩት

እግሬ ቤት አይወድም። ቤቴ ጭሮ ነው፤ በኔ ዕድሜ ያለነው ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የምንለው። ገለምሶ ለቅሶ ካለ ግን ገለምሶ ነኝ፤ መቻራ የወለደች ካለች መቻራ ነኝ፤ ማንም ያልሞተ፣ ማንም ያልወለደ ጊዜ ደግሞ አሰቦት እወርድና ከአንዲት ክርስቲያን ወዳጄ ጋር ፍየሎቿን በዓይን እየተከተልን ስናወጋ እንውላለን። በወጣትነቴ ሽንኩርትና ጨው እያዞርኩ እነግድ ነበር። ንግዱ ቀረ፣ መዞሩ አልቀረም። ልጆቼ፣ «እማ፣ መናኸሪያው ውስጥ አልጋ እናንጥፍልሽ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ፊደል የለየሁት የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የለም። ስለዚህ ጽሑፌም እንደ እግሬ ይንከራተታል፤ ታገሡኝ። ልነግራችሁ የተነሣሁት ያፈርኩበትን ነገር ነው፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ሁለት ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ መጡ። ተማሪ ስላቸው ልጆች እንዳይመስሏችሁ። እሷ ሐኪም ናት፤ ሐኪም ሆናም ገና ትማራለች። እሱ የኢኮኖሚ ሰው ነው፤ የአንድ አገር ሀብት ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚያጠና፤ ጢሙን ትንሽ ሽበት ነካ አድርጎታል። ሁለቱ አንድ ጥናት ይዘው ነው የመጡት፦ ጫት ለምዕራብ ሐረርጌ ገበሬ ቤት ምን ያስገባል፣ ከገበሬዋስ ሰውነት ምን ያስወጣል። እሱ የሚገባውን፣ እሷ የሚወጣውን ያያሉ። መኪና ውስጥ ሲከራከሩ ብትሰሟቸው ባልና ሚስት ነው የሚመስሏችሁ።

«ያለዚህ ገቢ ልጆቹ ምን ይበላሉ?» ይላታል።

«ያለ ጉበትስ ምን ይበላሉ?» ትለዋለች።

እኔ ጋ እንዴት ደረሱ? መጠይቃቸው የማህፀን ጥያቄ አለበት። መጀመሪያ ኦሮምኛ የሚችል አንድ ወጣት ቀጥረው ነበር። ልጁ ጨዋ ነው አሉ፤ ግን አንዷ ሴት ግቢ ገብቶ፣ «የወር አበባሽ ይዛባል ወይ?» ሲላት፣ «ሂድና እናትህን ጠይቅ!» ብላ በመጥረጊያ አስወጣችው። ሐኪሟ ደግሞ ኦሮምኛ አትሰማም። ሁለቱንም ቋንቋ የምትችል፣ ሰዉ ሁሉ የሚያውቃት አሮጊት ማን አለች ብለው ሠፈር ሲጠይቁ ሁሉም ጣቱን ወደ ቤቴ ቀሰረ። ቤት ግን አልነበርኩም። በሦስተኛው ቀን ከገለምሶ ሚኒባስ ስወርድ እዚያው መናኸሪያ ላይ አገኙኝ።

ሐኪሟ ሥራውን ስታስረዳኝ ረጋ ብላ ነው። «እማማ፣ የኔን ጥያቄ ለሴቶቹ ይነግሩልኛል፣ የሴቶቹን መልስ ለኔ ይነግሩኛል። እንዳሉት ብቻ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ» አለችኝ። ቢጫ ወረቀትም አሳየችኝ። መልሳቸው አሳሳቢ የሆኑት ሴቶች ይሰጣቸዋል፤ ይዘውት ጭሮ ይመጡና ደማቸው ይመረመራል፣ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይነገራቸዋል፤ ይህን ሁሉ ነገረችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ሰው ሲያስረዳኝ መነቅነቅ ልማዴ ነው። ወላሂ፣ ግማሹን ነው የሰማሁት። ልቤ መኪናው መቼ ይነሣል እያለ ነበር።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰበብ ግን አታድርጉልኝ። እኛ ጋ ሰው ያለውን በቁጥር አይናገርም። ፍየል ስንት አለሽ ስትባል፣ «አላህ የሰጠን ያህል» ነው መልሱ። ከብትን በቁጥር መጥራት ዓይን ይስባል። የኢኮኖሚው ሰውዬ በዚህ ተቃጠለ። የመጀመሪያው ቤት ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እማማ፣ አላህ የሰጠን ያህል ስንት ነው?» አለኝ።

«ሦስት ብለህ ጻፍ» አልኩት።

እሱ ሳቀ፤ ጻፈ። እኔ ጓሮ ውስጥ ሰባቱን እያየኋቸው ነው። እንዲህ ነው የጀመርኩት። ሦስት ፍየል ብሎ የጀመረ አፍ ወዴት እንደሚሄድ ማን ያውቃል።

ከገለምሶ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ቀበሌ ሄድን። እዚያ የምትኖር አንዲት ልጅ አለች፤ ከጨቅላነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ልጅ እላታለሁ እንጂ ባለትዳር ናት። ከናቷ ጋር ወዳጆች ነበርን፤ ሽንኩርት ሳዞር የማድረው እነሱ ቤት ነበር፤ እሷንም አዝያታለሁ። እናቷ ከሞተች በኋላ በዚያ ካለፍኩ ሳልገባ አላልፍም። አኮ ነው የምትለኝ፤ አያቴ ማለቷ ነው።

ስንደርስ ጫት እያሰረች ነበር። እስሩን በሙዝ ቅጠል ትጠቀልላለች፤ ጣቶቿ ፈጣን ናቸው። ሆዷ ገፋ ብሏል፤ ሁለት ፅንስ ወርዶባት ይህ ሦስተኛው መሆኑን አውቃለሁ። ሐኪሟን አየች፣ እኔን አየች፣ ፊቷ በራ። ሐኪም በእግሯ ቤቷ ስትመጣላት የመጀመሪያዋ ነው።

ጥያቄው እየሄደ እየሄደ እዚያ ደረሰ፦ ጫቱ ላይ ኬሚካል ትረጫላችሁ ወይ?

ልጅቱ ያንን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ተናገረች። «እንረጫለን። ባሌ ወደ ማምሻው ይረጫል፣ እኔ በማግሥቱ ጠዋት እቆርጣለሁ። በላስቲክ ጠርሙስ ከገበያ ነው የሚገዛው፤ ስሙን አላውቅም፤ ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው። ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ራሴን ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል። ሁለቱ የወረዱብኝ በቆረጣ ወቅት ነው። በዚህ ይሆን እንዴ? ይህኛውስ? ጠይቂልኝ አኮ፣ መቁረጡን ልተው ወይ በያት።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ይዛ እኔን ታያለች።

ምን እንዳሰብኩ በደንብ አስታውሳለሁ። አንድ ወቅት፣ የዚያ አካባቢ ጫት መርዝ አለበት የሚል ወሬ ተነሥቶ ነበር። ገዢው ፊቱን አዞረ። አይሱዙው ሳይራገፍ ተመለሰ፤ ቅጠሉ እንደ ጭድ ደረቀ፤ ፍየል እንኳ ተወው። ሴቶቹ መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ነበር። ያ ታወሰኝ። ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ከዚያም ባሕር ይሻገራል፤ የዚህች ልጅ ቃል ቀበሌውን ሙሉ ይዞ ይወድቃል አልኩ በልቤ። ደግሞ እኛ ስናድግ የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ የሰው ገመና ይሸፈናል። በሰው ጓሮ ያየሽውን በሰው ደጅ አታውሪም። የሸፈነን አላህ ይሸፍነዋል።

«አይረጩም ትላለች» አልኩ። «ጢስና አመድ ነው የሚጠቀሙት፤ የድሮውን። አልፎ አልፎ ራሷን ያማታል።»

ሐኪሟ ጻፈች። ቀና ብላ ፈገግ አለችላት፣ «በርቺ በያት» አለችኝ፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ልጅቱ ቃሌ ስላጠረባት ነው መሰለኝ፣ «ሁሉንም አልሽላት አኮ?» አለችኝ።

«ሁሉንም።»

«ምን አለች?»

«በርቺ ብላሻለች።»

ቢጫው ወረቀት ከሐኪሟ ቦርሳ አልወጣም። አላስተዋልኩትም።

ከዚያ በኋላ ቀላል ሆነ። ውሸት የመጀመሪያው ደጃፍ ላይ ነው የሚያደናቅፈው፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል። የሐብሮን ወረዳ ዞርን፣ በዚያ ድንጋያማ መንገድ እየተንገጫገጭን መቻራ ድረስ ሄድን። በየቤቱ እንረጫለን ያለችው ሁሉ በኔ አፍ አመድ ሆነች። እያሳመርኩትም ሄድኩ። የወይራ አመድ ነው አልኩ። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ነው የሚነሰነሰው አልኩ። ሐኪሟ ትጽፋለች፣ «የአባቶች ዕውቀት እኮ ነው» ትላለች፤ እኔ ደስ ይለኛል። አስተግፊሩላህ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን የኢኮኖሚው ሰውዬ ፊቱን አኮሳትሮ መጣ። «ሴቶቹ የሚነግሩን ሕመም ኬሚካል የነካ ሰው ሕመም ነው፣ ኬሚካል የነካ ግን አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም አመድ ነው የሚለው፤ እንግዲህ ይህ አመድ ምን አለበት?» አለ። በማግሥቱ ትንንሽ ጠርሙሶች ገዝቶ ከየምድጃው አመድ ይሰበስብ ጀመር። ክዳኑ ላይ የቤቱን ቁጥር ይለጥፍበታል።

ሴቶቹ ጉድ አሉ። «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው አመዳችንን የሚለቅመው?» አለችኝ አንዷ።

«ሊያስመረምረው ነው።»

«ምስኪን፣ የሚያገባት ሴት የለችም እንዴ? ምድጃ ያላት አጥቶ ነው?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ምን እንደተባለ ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። «ምን አሉ እማማ?» ሲለኝ፣ «አላህ ያሳካልህ እያሉህ ነው» አልኩት። እኔም ስስቅ ዓይኔ እንባ አቀረረ። መኪና ውስጥ ጠርሙሶቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «እማማ፣ ይህ አዲስ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ዓለም የማያውቀው ነገር» አለኝ። በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ያኔ ነው ትንሽ የከበደኝ። ትንሽ ብቻ።

ሥራው አለቀ። እነሱ ጭሮ ቤት ተከራይተው ወረቀታቸውን ይደምራሉ፣ እኔ ወደ መዞሬ ተመለስኩ። ሁለት ወር አለፈ።

አንድ ጠዋት ከዋናው መንገድ ወደ ሆስፒታሉ በሚወጣው ዳገት ላይ ያቺን ልጅ አየኋት። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ግን የሷ አይመስልም። ከንፈሯ ነጥቷል፤ እጇ ጭኗ ላይ ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ባሏ ካርድ ሊያወጣ ገብቷል።

አቀፍኳት። «ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«አኮ፣ እንዲህ ነኝ እንግዲህ» አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እውነቱን ንገሪኝ። እሞታለሁ ብላ ነው ዝም ያለችው?»

«ማን?»

«ሐኪሟ። እኛ ጋ ጥርጊያው ማዶ ያለችው ሴትዮ ቢጫ ወረቀት ተሰጣት፤ ስለ ደም ግፊቷ ነው፤ መጥታ ተመረመረች። እኔ ያን ሁሉ ነግሬያት አልሰጠችኝም። መጀመሪያ ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ነበር። ሐኪም ሁሉንም ሰምታ በርቺ ካለችኝ ምን አለ ብዬ ስቆርጥ ከረምኩ። ባሌ፣ ይቅርብሽ ሲለኝ፣ ሐኪሟ ሰምታኛለች፣ ተይ አላለችኝም አልኩት። አሁን ግን ሳስበው፣ ተስፋ የሌለው ሰው ነው እንዲያ ዝም የሚባለው።»

ምን ልበላችሁ። እግሬን አጣሁት። ያ ሁሉ አገር የዞርኩበት እግር እዚያው ዳገት ላይ ከዳኝ፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ለገበያ፣ ለቀበሌ፣ ለገመና እያልኩ ያቀበልኩት ቃል ለዚህች ልጅ፣ «መቁረጥሽን ቀጥይ» የሚል ትእዛዝ ሆኖ ነው የደረሳት። መልሷን ብቻ መስሎኝ የቀየርኩት፣ የሐኪሟንም መልስ ቀይሬዋለሁ።

«ተስፋ አለሽ» አልኳት። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ግቢ፤ ሐኪሟን አሁን አመጣልሻለሁ።» ጥፋቱ የኔ ነው አላልኳትም። አልቻልኩም። ያንን እዚያው አለማለቴም ሌላ እፍረት ነው።

ባጃጅ ይዤ ወደ ተከራዩት ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ መሬት ላይ ወረቀት ዘርግታ ተቀምጣለች። መስኮቱ ላይ የአመዱ ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ ቁጥራቸውን ይዘው።

«እማማ! እንኳን ደህና መጡ፤ ይግቡ» አለችኝ።

ቆሜ ተናገርኩ። ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቃለሁ። «ልጄ፣ አመድ አይደለም» አልኩ። «ይረጫሉ። ያልኩሽ ውሸት ነው። ያቺ ከገለምሶ በላይ ያለችው ነፍሰ ጡር ሆስፒታል መጥታለች፤ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሁሉንም ነግራሽ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ።»

አልጮኸችም። ጫማዋን እየፈለገች ነው የምትጠይቀኝ። «የሚረጩት ምንድን ነው?»

«ስሙን አታውቀውም። በላስቲክ ጠርሙስ ነው። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነው አለች።»

እጇ ጫማው ላይ ቆመ። «ነጭ ሽንኩርት እንደሚሸት ሁለት ወር ሙሉ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፣ ወደ ሆስፒታሉ። ወረቀቱን ረግጣው ነው የሄደችው።

የኢኮኖሚው ሰውዬ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። ገብቶ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ ጠርሙሶቹን አየ። «ስንት ቤት ነው እማማ?» አለኝ።

«እንረጫለን ያለችውን ሁሉ።»

«ለምን?»

«ለሴቶቹ ብዬ። ገበያው እንዳይዘጋባቸው።»

«እኔ ገበያ ልዘጋ ነው የመጣሁት?» አለ። ድምፁ ቁጣ ያለው አይደለም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው። «እኔ ልጽፍ የነበረው እኮ፣ ይህ ሁሉ ሀብት ከነዚህ ሴቶች እጅ የሚወጣ ከሆነ፣ ጓንቱም፣ ሕክምናውም፣ ተረጭቶ ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚነግራቸው ባለሙያም ከዚያው ሀብት ይውጣላቸው የሚል ነው። አሁን በእጄ ያለው አመድ ነው።» ከጠርሙሶቹ ዞር ብሎ፣ «እማማ፣ ልጅዎ ምን ይሠራል?» አለኝ።

ያንን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም ነበር።

«ጫት ይልካል» አልኩ።

አንገቱን ነቀነቀ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ለሴቶቹ ብዬ» ያልኩት ውሸት አይደለም፤ ሙሉው ግን አይደለም። የምበላው እንጀራ፣ የሚኒባሱም መሳፈሪያ፣ ከዚያው ቅጠል ነው የሚመጣው። የነሱን ገመና ስሸፍን የኔንም ቤት ጣሪያ እያለበስኩ ነበር።

ቤት ገብቼ የሴቶቹን ቃል መቀየሬን ለዚያው ልጄ ነገርኩት። ይቆጣኛል ብዬ ነው። «ደግ አደረግሽ እማ» አለኝ፣ ስልኩን እያየ። «እንኳን አላወራሽ።» ከሁሉም፣ ከሐኪሟ ዝምታ ይልቅ፣ ይህች ደግ አደረግሽ አሳፈረችኝ። በዕድሜ ዘመኔ ሰው እንዲለኝ የምወደው ቃል ያ ነበር።

ልጅቱ ሆስፒታል ተኛች። ጊዜው ሳይደርስ ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ጨቅላ፣ ስታለቅስ ድምፅዋ ከድመት ግልገል የማይበልጥ። አልሐምዱሊላህ፣ ኖረች። ሐኪሟ፣ «በኬሚካሉ ነው ብዬ መናገር አልችልም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል» አለችኝ። እውነቷን ነው የነገረችኝ፤ ሐኪም የማያውቀውን አይናገርም። ሊያጽናናኝ የሚችል ቃል ነበር። ላጠልቀው ሞከርኩ፤ ጠበበኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቁጭ አልኩ። አንድ ወር ሙሉ መናኸሪያ አልረገጥኩም። ልጆቼ ታመመች አሉ። ገለምሶ ሰው ሞቶ ለቅሶ አልደረስኩም፤ ይህ በሕይወቴ ያልሠራሁት ነውር ነው። ግን በየትኛው ዓይኔ ልያቸው? በየቤቱ ያመኑኝ ሴቶች ነበሩ። ሐኪሟ ሌላ አስተርጓሚ፣ ከመቻራ አንዲት ነርስ ልጅ፣ ይዛ እያንዳንዱን ቤት እንደገና ልትዞር መሆኑን ሰማሁ። አመዱን መድፋታቸውንም፣ ልጅቱ ያደረግኩትን ከነርሷ አፍ መስማቷንም ሰማሁ።

ከዚያ ስልክ ተደወለልኝ። ሐኪሟ ናት። «እማማ፣ ገለምሶ ነን» አለችኝ። «ልጅቱ አልመልስም አለች። እርስዎ ካልመጡ አልናገርም ነው የምትለው።»

«ነርሷ አለች አይደል?»

«ነግረናታል። አሮጊቷ ትምጣ ነው ያለችው።»

ተነሣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀምጬ ከማንም ጋር አላወራሁም፤ የሚያውቀኝ ረዳት፣ «አዬ፣ ዛሬ ምን አፍሽን ዘጋው?» ብሎ ቀለደብኝ።

ግቢው እንደነበረ ነው። ሐኪሟ ወረቀቷን ይዛ በርጩማ ላይ፣ ነርሷ አጠገቧ። ልጅቱ ግድግዳውን ተደግፋ ሕፃኗን ታጠባለች። የሕፃኗ እግር ከነጠላው ወጥቶ አየሁት፤ የኔን አውራ ጣት ያህል ነው። ሰላምታ ልሰጥ አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። በኦሮምኛ ነው የምትናገረው፤ ዓይኗ ግን ሐኪሟ ላይ ነው፣ እኔን አታይም።

«ንገሪያት» አለች። «የዛሬውን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት ይህንን ንገሪያት። አንድ ቃል አታጉድይ።»

«እሺ።»

ተናገረች፤ እኔም በየሐረጉ እየተቀበልኩ ወደ አማርኛ አሻገርኩት። «ያኔም ይህንኑ ነው ያልኩሽ ትልሻለች። እንረጫለን ብያለሁ፣ ጣቴ ይደነዝዛል ብያለሁ፣ ልተው ወይ ብዬ ጠይቄሻለሁ ትላለች። በርቺ አልሽኝ፤ በረታሁ። እስክወድቅ ድረስ ቆረጥኩ ትላለች።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አላነሣችም።

«አንቺን አላውቅሽም ነበር ትላለች። አንቺን አምኜ አይደለም የቆረጥኩት። ያመንኩት አሮጊቷን ነው። ከእናቴ ቀጥሎ ያዘለችኝ እሷ ናት። ጎረቤቶቼ፣ ገመናሽን ልትሸፍንልሽ ነው፣ ይቅር በያት ይሉኛል። ገመና ብሆንባት ይሸፈን፤ እኔ ሕመም ነበርኩ። ሕመም ይሸፈናል እንዴ? ትላለች።»

«አኮ ዕድሜ የሰጣት ሴት ናት፤ አልረግማትም» አለች ልጅቱ፤ እኔም፣ «ዕድሜ የሰጣት ሴት ናት፤ አልረግማትም ትላለች» አልኩ። «ልጄን ግን አላስይዛትም» አለች። ያንንም አልኩት። «ልጄን ግን አላስይዛትም ትላለች።»

ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች፤ ወደኔ አይደለም፣ ወደ ነርሷ ነው ያየችው። «እንዲያ ነው ያለቻት?» አለቻት።

ነርሷ አፈረች፤ አሮጊት ፊት እንዲህ መጠየቅ አሳፈራት። መሬት መሬት እያየች፣ «አዎ፣ እንዳለ ነው ያለቻት» አለች።

ልጅቱ ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡት አዞረች።

«እንግዲህ ተቀመጪ» አለችኝ። «ጥያቄው ብዙ ነው።»

ቆሜ ነበር ለካ። ተቀመጥኩ።